ድንጋይ ተካዮቹ፦ ከሶዶ እስከ ኮንሶ

መስከረም ሲጠባ ለመስቀል ወደ አገሩ የሚገባው የጉራጌ ልጅ ብዙው ከአዲስ አበባ የሚወጣው በንፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል ነው። ጀሞንና ለቡን አልፎ ዓለም ገና ሲደርስ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በሰበታ አድርጎ ወደ ጅማ፣ ሌላው ወደ ቡታጅራ። በቡታጅራው መንገድ ከመሀል አዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። ከ85 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ደግሞ ጢያ። መልካ ቁንጡሬ ላይ የሰው ዘር ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ድንጋይ እየፈለጠ ስለት ሲያወጣ ኖሯል። ጢያ ላይ ደግሞ ሰዎች ድንጋይ ጠርበው፣ ሰይፍ ቀርጸውበት፣ በሙታናቸው ራስጌ አቁመዋል። በአንድ ጠዋት ሁለቱንም አይቶ ለምሳ ላፍቶ መመለስ ይቻላል። እንዲህ ያለ መንገድ ያለው ከተማ በዓለም ላይ ብዙ አይመስለኝም።

ጢያና አክሱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በአንድ ዓመት፣ በ1972 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አክሱም በገንዘብ ኖት፣ በፖስታ ቴምብር፣ በትምህርት መጽሐፍ ሽፋን ሲዞር፣ ጢያ ግን የቱሪስትና የጥቂት ተማሪዎች መዳረሻ ሆኖ ቀረ። ኢትዮጵያ ዛሬ 12 የዓለም ቅርሶች አሏት። ከነዚህ አራቱ፣ አክሱም፣ ጢያ፣ ኮንሶና ጌዴኦ፣ ሰው አስቦበት ባቆመው ድንጋይ ይታወቃሉ። ከሦስት አንዱ ማለት ነው። ይህን ያህል ድንጋይ የተከለ አገር ልጆቹን ስለ አንድ ሐውልት ብቻ ማስተማሩ ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። በኢትዮጵያ ምድር ለሙታንና ለትውልድ ድንጋይ ማቆም ከ3 ሺህ ዓመት በላይ የዘለቀ፣ በብዙ ቋንቋና በብዙ እምነት የተሠራ፣ በአንድ ቦታም እስከ ዛሬ ያልተቋረጠ ሥራ ነው። አክሱም የዚህ ረጅም ሥራ አንድ ምዕራፍ ነው፤ እርግጥ ከሁሉ የደመቀው ምዕራፍ።

ጢያ ላይ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ። 33ቱ በ45 ሜትር ርዝመት ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሦስቱ ጥቂት ራቅ ብለው ለብቻቸው ናቸው። ቁመታቸው ከ1 እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ከ36ቱ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ከሁሉ አዘውትሮ የሚታየው ሰይፍ ነው፤ ባንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ በሌላው ብዙ ሆኖ ተደርድሯል። ክብ ምልክቶች አሉ፤ እንደ ተክል ቅጠሉን ዘርግቶ የቆመ ምልክትም አለ፤ የአካባቢው ሰው እንሰት ነው ይለዋል። ጢያ ያለችበት ሶዶ እንሰት አብቃይ ምድር ነውና ይህን ንባብ ለማጣጣል የሚያስችል ምክንያት አላየሁም። ሌሎቹ ምልክቶች ግን ፈቺ አላገኙም። ጢያ ብቻዋን አይደለችም፤ በሶዶ ምድር ወደ 160 የሚሆኑ ተመሳሳይ ቦታዎች ተገኝተዋል። ጢያ ከነሱ ውስጥ ከሁሉ የተጠናችው ናት።

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ዓ.ም. የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ፍራንሲስ አንፍሬ የሶዶን ድንጋዮች እየዞረ ሲመዘግብ፣ የሙያ ባልደረባው ሮዤ ዡሶም ደግሞ ጢያ ላይ ከድንጋዮቹ ሥር ቆፈረ። ቦታው የመቃብር ስፍራ መሆኑ የታወቀው በዚህ ቁፋሮ ነው። ሙታኑ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እጃቸውን ሰብስበው፣ በጎናቸው ተጋድመው ተገኙ። አብዛኞቹ ገና በወጣትነት የሞቱ ነበሩ። ዘመናቸው ከ11ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ እንደሚወድቅ ተገመተ። ወጣቶች፣ ሰይፍ፣ ለብቻው የተከበረ መቃብር፤ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ጦርነትን ከማሰብ ወደኋላ አይልም። አስጎብኚዎቹም የሰይፉ ቁጥር ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ይቆጥራል ይላሉ። ድንጋዮቹን ያቆሙት ሰዎች የጻፉት አንድ ቃል ስላልተገኘ ይህ ግምት ነው፤ ግን ባዶ ግምት አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ ለጀግና የሚቆም መታሰቢያ የገዳዩን ሥራ መቁጠሩ የታወቀ ልማድ ነው፤ ኮንሶ ላይ ስንደርስ ይህንኑ በእንጨት ተቀርጾ እናገኘዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እነዚህን ድንጋዮች ብዙ ሰው የቅድመ ታሪክ ሥራ አድርጎ ያስባቸዋል። ነገር ግን የሶዶ ጠራቢ መሮውን ይዞ በሰይፉ ቅርጽ ላይ ሲደክም፣ በላስታ ደግሞ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጠራቢዎች ዓለቱን ወደ ታች እየፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያን ያወጡ ነበር። ሁለቱ ወገኖች የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው። በአንዱ በኩል ገድል ተጽፏል፣ የነገሥታት ስም ተመዝግቧል፤ በሌላው በኩል የተጻፈ የለም። ስለዚህ አንዱን ታሪክ ብለን፣ ሌላውን ከታሪክ በፊት አስቀመጥነው። ጽሕፈት የሌለው ሕዝብ ታሪክ የለውም የሚለውን አስተሳሰብ አንቀበልም እያልን፣ በተግባር ግን ጢያን ስናስተምር የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የአገሬው ሰው ግን ድንጋዮቹን ያለ ታሪክ አልተዋቸውም። በ1927 ዓ.ም. አንድ የጀርመን የጥናት ቡድን ጢያን ሲጎበኝ፣ የአካባቢው ሰዎች «የግራኝ ድንጋይ» ይሉት እንደነበር መዝግቧል። ግራኝ የተባለው ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም በ16ኛው መቶ ዓመት የዘመተ ስለሆነ ድንጋዮቹ በ300 ዓመት ያህል ይቀድሙታል። በሰሜንም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ አክሱም ላይ የወደቁትን ሐውልቶች ያፈረሰቻቸው ንግሥት ጉዲት ናት ይባላል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሰፊ የሐውልት መስክም በስሟ ይጠራል። የሕዝብ ትዝታ ትልቅ ድንጋይ ሲያይ ትልቅ ስም ይፈልግለታል። በደቡብ ግራኝ ተከለ፣ በሰሜን ጉዲት ነቀለች። እውነተኞቹ ተካዮች፣ ማለትም ድንጋዩን ከዓለቱ የፈለጡት፣ በገመድ የጎተቱት፣ ጉድጓድ የማሱለት የመንደር ሰዎች፣ ከሁለቱም ተረት ውጭ ቀሩ።

ጢያን እዚያ ድረስ ሄዶ ለማየት ጊዜ ያጣ የአዲስ አበባ ሰው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቢገባ፣ ከሶዶ የመጣ ቅርጽ ያለው ድንጋይ ቆሞ ያገኛል። ቢሆንም ድንጋዩን ከመቃብሩ ለይቶ ማየት ከግማሽ በታች ማየት ነው። በጢያው ሰልፍ መካከል ስትቆሙ የሚሰማችሁ ነገር የአንዱ ድንጋይ ሳይሆን የሰልፉ ነው።

ወደ ጥንቱ ለመሄድ ፊትን ወደ ምሥራቅ ማዞር ያሻል። በሐረርጌ ደጋ፣ በጨርጨር ተራሮች፣ ጠፍጣፋ ድንጋዮችን እንደ ግድግዳ አቁሞ ሌላ ሰፊ ድንጋይ እንደ ጣሪያ የሚጭን የመቃብር አሠራር አለ። ያው ዡሶም ከጢያ በፊት ያጠናው ይህን ነበር። ጋንዳ ሐሰን አብዲ በተባለው ቦታ የተገኙት መቃብሮች ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ነበረው 2ኛው ሺህ ዓመት ይመለሳሉ። አክሱም ከተማ ሆና ከመቆርቆሯ ከ1 ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው። በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ደጋ፣ በመንዝና በአካባቢው፣ ደግሞ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ሙታኑን በድንጋይ ጉብታ ሥር የሚቀብር ሕዝብ ነበር። ፍራንሷ ግዛቪየ ፎቬልና ቤርትራን ፗሶኒየ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት «የሻይ ባህል» ብለው ጠሩት። ከጉብታዎቹ ሥር ሸክላ፣ የብር ጌጥና ከሩቅ አገር የመጣ የብርጭቆ ዶቃ ወጣ። እነዚህ ሰዎች ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም አልነበሩም፤ ነገር ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ዕቃ ለመግዛት የበቁ ባለጠጎች ነበሩ። የክርስቲያኑ መንግሥት መሀል አገር ብለን በምናስበው ምድር፣ በመካከለኛው ዘመን፣ እንዲህ ያለ ሕዝብ መኖሩን ከድንጋዩ በቀር ማን በዝርዝር ይነግረን ነበር?

ስለ አክሱም ብዙ ስለተባለ አላረዝመውም። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ይረዝማል፣ ወደ 520 ቶን ይመዝናል ተብሎ ይገመታል፤ ሰው በአንድ ቁራጭ ድንጋይ ሊያቆም ካሰበው ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። አሁን ተሰባብሮ ተጋድሟል። እንግሊዝ አገር ስቶንሄንጅ ላይ የቆሙት ትልልቅ ድንጋዮች በአማካይ 25 ቶን ገደማ ናቸው፤ ልዩነቱን አንባቢ ራሱ ያስላው። ፋሺስት ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የወሰደው ሐውልት 24 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. እንደገና ቆመ። ያን ጊዜ አገር በሙሉ ተደስቷል። ደስታው ተገቢ ነበር። ግን አንድ ሐውልት ከሮም እስኪመለስ 60 ዓመት ያህል የሞገተ ሕዝብ፣ በገዛ ማሳው የሚወድቁትን በሺህ የሚቆጠሩ ድንጋዮች ለምን ዝም ብሎ ያያል?

በሺህ የሚቆጠሩ ማለቴ ማጋነን አይደለም። ጌዴኦ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ዩኔስኮ በዚያ ምድር ከ6 ሺህ በላይ የድንጋይ ሐውልቶች እንዳሉ ገልጿል። እንዲያውም ቁጥሩን ከ10 ሺህ በላይ የሚያደርሱ ተመራማሪዎች አሉ። ጌዴኦ ደን፣ ቡናና እንሰት በአንድ ማሳ ተደራርበው የሚበቅሉበት፣ ሰው በጠባብ መሬት ላይ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ደጋ ነው። ሐውልቶቹም በሙዚየም አጥር ውስጥ ሳይሆን በዚሁ በሚታረሰው፣ በሚኮተኮተው መሬት መካከል ይገኛሉ። ቱቱቲ ላይ በብዛት የሚታዩት ክብና ረጃጅም፣ የወንድ ብልት ቅርጽ የያዙ ናቸው። ቱቱ ፈላ ላይ ደግሞ ከመቃብር ክምር ላይ የቆሙ ወደ 300 የሚጠጉ ሐውልቶች አሉ፤ ብዙዎቹ የሰው ፊትና አካል አላቸው። ከነሱ መካከል መጀመሪያ ክብ ሆነው ተጠርበው፣ ከዘመናት በኋላ በሌላ እጅ ወደ ሰው መልክ የተቀየሩ ይገኙባቸዋል። አንዱ ትውልድ ያቆመውን ሌላው ሳይጥለው፣ ለራሱ ሙታን እንደገና ቀርጾታል። ለእኔ ከጌዴኦ ድንጋዮች ሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ አሮጌው ድንጋይ ለአዲሱ ሰው ንብረት እንጂ ባዕድ አልነበረም።

የጌዴኦ ሐውልቶች ዘመን ለረጅም ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1100 ገደማ አይዘልም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ አሸናፊ ዜና ከዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት ይህን ቀየረው። ሳካሮ ሶዶ በተባለው ቦታ የቆሙት ድንጋዮች ዕድሜ ወደ 1ኛው መቶ ዓመት ተመለሰ፤ በአንድ ጊዜ በ1 ሺህ ዓመት ወደኋላ ማለት ነው። አክሱማውያን ታላላቅ ሐውልቶቻቸውን ያቆሙት በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ዓመት ስለሆነ፣ የጌዴኦ ሰዎች ድንጋይ መትከልን ከነዚያ ታላላቅ ሐውልቶች ተማሩ ብሎ ለማሰብ ቦታ አልቀረም። ከዚያው ቦታ የተገኙ የባልጩት ስለቶች ሲመረመሩ ደግሞ ምንጫቸው ወደ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ በሰሜን ኬንያ ያለ ዓለት ሆነ። ዲላ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ከቱርካና ሐይቅ አካባቢ ጋር ይገናኙ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሌላም ነገር አስተውለዋል፦ የሳካሮ ሶዶ ድንጋዮች እንደ ኋለኞቹ የመቃብር ምልክት አይመስሉም። ሥልጣን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ወይም ማኅበረሰቡ አንድ ታላቅ ነገር ሲፈጽም መታሰቢያ ሆነው የቆሙ ይመስላሉ።

ባልጩቱ ወደ ኬንያ ከመራን፣ በቱርካና ሐይቅ ምዕራብ ወዳለው የድንጋይ ክበብ እንለፍ። ናሞራቱንጋ ይባላል። 19 የባዝልት ድንጋዮች በክብ ድንበር ተከበው፣ እያንዳንዳቸው ዘመም ብለው ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ሊንችና ሮቢንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ አስደናቂ ሐሳብ አቀረቡ፤ ድንጋዮቹ የቦረና ኦሮሞ ዘመን ቆጣሪዎች፣ አያንቱዎች፣ ወርና ቀን ለመለየት ወደሚመለከቷቸው ሰባት ኮከቦችና የኮከብ ስብስቦች ያመለክታሉ አሉ። ዘመኑንም ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ አደረጉት። ዓለም ተደሰተ፤ የአፍሪካ ስቶንሄንጅ ተገኘ ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ ሶፐር የተባለ ሌላ ባለሙያ ቦታውን እንደገና ለካ። ድንጋዮቹ መግነጢሳዊ በመሆናቸው የመጀመሪያዎቹን ለኪዎች ኮምፓስ አሳስተውት ነበር። የቦረና የዘመን አቆጣጠር እውነተኛና ረቂቅ እውቀት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ይህን ለማጽናት ግን የድንጋይ ክበብ ምስክርነት አያስፈልገውም። አሁን የታወቀው በዚያ ሐይቅ ዳር ያሉት የድንጋይ ዓምድ ቦታዎች ከ4 እስከ 5 ሺህ ዓመት የቆዩ መሆናቸው ነው። ከነሱ አንዱ በሆነው ሎታጋም ሰሜን ቢያንስ 580 ሰዎች ተቀብረዋል፤ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ሳይለይ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጌጥ ይዘው። ሠሪዎቹ ከብት አርቢዎች ነበሩ። ትልቅ ሐውልት የሚሠራው ንጉሥና ባሪያ ባለበት ብቻ ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ያናጋው ይህ ግኝት ነው።

በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ በጋምቢያ ወንዝ ዳርና ዳር፣ በሴኔጋልና በጋምቢያ፣ ከ1 ሺህ በላይ የድንጋይ ክበቦችና ጉብታዎች 350 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ተዘርግተዋል። እነሱም በአብዛኛው የመቃብር ስፍራ ናቸው። እንግዲህ የእኛ ድንጋዮች ከአፍሪካ የተነጠሉ እንግዳዎች አይደሉም። ከጋምቢያ እስከ ቱርካና፣ ከቱርካና እስከ ሶዶ ያለው አርሶ አደርና ከብት አርቢ ሕዝብ ሙታኑን በድንጋይ አክብሯል፤ አንዱ ከሌላው የቀዳው ነው ብሎ ለመናገር ግን የሚያስችል ማስረጃ የለም።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው መጨረሻ ላይ መሄድ ያለበት ኮንሶ ነው። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. ሲመዘገብ፣ ዩኔስኮ ኮንሶዎችን ድንጋይ መትከል ካላቆሙ የመጨረሻ ሕዝቦች እንደ አንዱ ጠቅሷቸዋል። በግንብ በታጠሩት ከተሞቻቸው፣ ሞራ በሚባሉት አደባባዮች፣ የትውልድ ድንጋዮች ቆመዋል። የትውልዱ እርከን ተሟልቶ ኃላፊነት ወደ ተከታዩ ሲያልፍ ድንጋይ ይፈለጣል፣ በጋራ ይጎተታል፣ በሥርዓት ይተከላል። አጠገቡ የትውልዱ ምሰሶ ይታያል፤ በየ18 ዓመቱ አንድ አንድ እንጨት ይጨመርበታል። እነዚህን ድንጋዮችና ምሰሶዎች የቆጠረ የከተማውን ዕድሜ ያውቃል፤ ኮንሶዎች በድንጋይ የተካበ እርከናቸውንና ከተሞቻቸውን 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ፣ እየቆጠሩ ይናገሩበታል። ለጀግና ደግሞ ዋካ ይቀረጻል። ከእንጨት የተሠራው የሟቹ ምስል መሀል ይቆማል፤ ሚስቶቹ በጎኑ፣ የገደላቸው ጠላቶች ወይም አውሬዎች በአጠገቡ ይደረደራሉ። የጢያን ሰይፎች የሚያነብ ሰው ከዚህ የተሻለ መምህር አያገኝም።

ሳካሮ ሶዶ ላይ የቆሙትን ድንጋዮች ትርጉም የፈለጉት ተመራማሪዎችም ፊታቸውን ያዞሩት በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ወደሚኖረው የመትከል ልማድ ነው። ይህ አጋጣሚ በሌላ ቦታ ብዙ አይገኝም። ስቶንሄንጅን ማን ለምን እንዳቆመው የሚነግር ሽማግሌ እንግሊዝ አገር አይገኝም፤ ፈረንሳይ ካርናክ ላይ የተሰለፉትን በሺህ የሚቆጠሩ ድንጋዮች የሚያስረዳ የለም። ኮንሶ ላይ ግን ድንጋዩን የጎተተው፣ መዝሙሩን ያወጣው፣ ቀኑን የወሰነው ሰው በሕይወት አለ፤ ጌዴኦ ላይም ሶንጎ በሚባሉት የሸንጎ ስፍራዎች የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ስለ አባቶቻቸው ሥርዓት የሚያውቁትን ይዘው አሉ። የዲላና የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ምድር ከሁሉ የቀረቡ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ትምህርት ክፍል አለው፤ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሕጋዊ ኃላፊነቱ አለው። በሶዶ ከተቆጠሩት 160 ገደማ ቦታዎች በወጉ የተቆፈሩት ጥቂት ናቸው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዓለም ገና ወዲያ እየሰፋች፣ የድንጋይ ካባና የግንባታ ቦታ እየበዛ ነው። አዛይስ የተባለው የካፑቺን ካህን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በደቡብ እየዞረ የድንጋዮቹን ፎቶግራፍ አንስቶ ከባልደረባው ከሻምባር ጋር በመጽሐፍ አውጥቷል። እያንዳንዱን ፎቶ ይዞ ወደ ቦታው ተመልሶ የቆመውን፣ የወደቀውንና የጠፋውን መዝግቦ ማውጣት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ የተማሪዎች ቡድን በክረምት ዕረፍት ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው። ከጀሞ ተሳፍሮ ለመጀመር የአውቶቡስ ዋጋ ይበቃል።